ዋይድ ሌንስ እና ዳር የቆመ ሰው

ሌንስ መፈተን ለሚፈልግ ሰው እንደ መልካ ጀብዱ የሚመች ቦታ የለም። አልቀለድኩም። ሰፊ የሚያነሳ ሌንስ ጉዱ የሚወጣው ቀጥ ያለ መስመር ፊት ሲቆም ነው፤ መልካ ጀብዱ ደግሞ ቀጥ ባለ ነገር አትታማም። ሐዲዱ ቀጥ ያለ፣ የመጋዘኑ ጣሪያ ቀጥ ያለ፣ ኮንቴይነሩ ቀጥ ያለ፣ የብሎኬት አጥሩማ ዓይን እስኪታክት ድረስ ቀጥ ያለ። ከድሬ መሃል ወደ ሰሜን ምዕራብ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ደርሶ ድሬዳዋን የቆረቆራት የድሮው ባቡር የሚቆመው ከተማዋ እምብርት ላይ ነበር። መስከረም 2009 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ - ጅቡቲ ባቡር ግን "ድሬዳዋ ደርሰናል" ብሎ የሚያወርዳችሁ እዚህ፣ መልካ ጀብዱ ነው። ነሐሴ 2014 ደግሞ ነጻ የንግድ ቀጠናው በዚሁ አካባቢ ተመረቀ።

ምረቃ ባለበት ፎቶ አለ። ፎቶ ባለበት ደግሞ፣ በዚህ ዘመን፣ ዋይድ ሌንስ አለ።

እኔ ጋዜጠኝነት ተምሬ የተመረቅኩ፣ ቋሚ ወንበር ግን ገና ያላገኘሁ ልጅ ነኝ። እጽፋለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ላይ ሁለተኛ ካሜራ እይዛለሁ። ከሰርግ ሰርግ ያጠራቀምኩት ብር ነበረኝ፤ በእሱ አንድ ዋይድ ሌንስ ልገዛ ቆርጬ ተነሳሁ። ከሐምሌ 2016ቱ የውጭ ምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ያገለገለ ሌንስ እንኳን ዋጋው እንዴት እንደተተኮሰ የሚያውቅ ያውቀዋል። እናላችሁ አንዴ ከተሳሳቱ በኋላ የሚመለስ ብር አይደለም። ስለዚህ የሚሸጡትንም የሚያውሱኝንም ለምኜ ሦስት ሌንስ ሰበሰብኩና ወደ መልካ ጀብዱ አጥር ወረድኩ።

መልካ ጀብዱን የመረጥኩት ግን ለአጥሩ ብቻ አልነበረም።

"ይቺ ማን ትመስልሻለች?"

እዚያው አካባቢ አንድ የጫኝና አውራጅ ማኅበር አለ። ቢሯቸው አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳው ላይ በመስታወት የተገጠመ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ባንድ ወቅት እንግዳ መጥቶላቸው የተነሱት ነው። መሃል ላይ ሱፍ የለበሱት እንግዳ፣ ከጎናቸው የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ከዚያ አንጋፋዎቹ፣ ከዚያ ወጣቶቹ። በስተቀኝ፣ ፎቶው ሊያልቅ ሲል፣ ሻይ የሚያፈሉላቸው ሴት።

ለዘገባ የሄድኩ ቀን እኚሁ ሴት ሻይ እየቀዱልኝ "ልጄ፣ አንቺ ፎቶ ታነሻለሽ አይደል?" አሉኝ።

"አዎ እትዬ።"

"እስቲ ይቺን ሴትዮ እያት። ማን ትመስልሻለች?"

አየሁ። ጭንቅላቷ ወደ ጎን ተጎትቶ ድፎ ዳቦ አክሏል። አንዱ ትከሻዋ ከሌላው በእጥፍ ይበልጣል። ፊት ለፊቴ የቆሙት እትዬ ግን ቀጭን፣ አንገተ ረጅም ሴት ናቸው።

"ልጆቼ ባዩት ቁጥር ይስቃሉ" አሉ፣ እሳቸውም እየሳቁ። ቀጥለው ግን ሳቃቸውን አቆሙ። "እዚህ ቤት ስንት ዓመት ሠርቻለሁ። ያለኝ ፎቶ አንድ ነው። እሱም እኔ አይደለሁም።"

ያነሳውን ሰው ለመክሰስ አይደለም። ክፍሉ ጠባብ፣ ሰዉ ብዙ፣ እንግዳው ቸኳይ… ማንኛችንም ብንሆን የምናደርገውን አድርጓል፤ ሰፊውን ሌንስ አውጥቶ ሁሉንም አስገብቷል። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። ጥሩ ሌንስ ቢሆን ኖሮ እትዬ እትዬን ይመስሉ ነበር? ውድ ሌንስ ብገዛ ዳር የሚቆመው ሰው ይድናል? የምከፍለው ለዚህ ከሆነ ልክፈል። ካልሆነስ?

ሦስቱ ሌንሶች

ለማታውቁት ባጭሩ፦ በሌንስ ላይ የተጻፈው ሚሊሜትር ባነሰ ቁጥር ሌንሱ የሚያየው ይሰፋል። በትልቁ፣ "ፉል ፍሬም" በሚባለው ሴንሰር፣ ከ24 ሚሊሜትር በታች ሲሆን እጅግ ሰፊ የሚባለው ወገን ውስጥ እንገባለን። እኔ ያሉኝ እነዚህ ነበሩ።

አንደኛው ካኖን 17-40 ኤፍ 4። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ፣ ባለ ቀይ ቀለበት፣ በእኛ ሰርግ አንሺዎች ዘንድ እንደ ወርቅ የሚታይ። ሁለተኛው ካኖን 10-18፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በ299 ዶላር ለገበያ የቀረበ፣ ለእኔ ዓይነቱ ትንሽ ሴንሰር ላለው ካሜራ የተሠራ፣ መግጠሚያው ፕላስቲክ የሆነ ቀላል ሌንስ። 10 ሚሊሜትሩ ትንሹ ሴንሰር ላይ የሚያየው 16 ሚሊሜትር ፉል ፍሬም ላይ የሚያየውን ያህል ነው። ሦስተኛው ሳምያንግ 14 ኤፍ 2.8፤ ፎከሱ በእጅ የሚዞር፣ የፊት መስታወቱ እንደ ዓይን ኳስ ያበጠ።

የብሎኬት አጥሩ ፊት ትራይፖድ ተከልኩ። በጠዋት መሆን አለበት፤ ረፋድ ላይ መሬቱ ሲግል አየሩ መወዛወዝ ይጀምርና የራቀ ነገር ሁሉ ይደበዝዛል፣ ጥፋቱም የሌንሱ ይመስላል። ካሜራውን ከአጥሩ ጋር ትይዩ አደረግኩ፣ በሰዓት ቆጣሪ አነሳሁ፣ እያንዳንዱን ሌንስ ከትልቁ ቀዳዳው እስከ ኤፍ 11 አስኬድኩ። ሁለት ዓይነት ካሜራ ስለተጠቀምኩ ውጤቱ የላቦራቶሪ አይደለም። ለኪሴ ግን ይበቃል።

መሃሉ ላይ፣ ኤፍ 8 ሲሆን፣ ሦስቱንም ለይቶ ማወቅ አቃተኝ። የብሎኬቱ ሽንቁር ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ልዩነቱ የሚጀምረው ወደ ጥግ ስትሄዱ ነው። ባለ ቀይ ቀለበቱ 17-40 በኤፍ 4 ጥጉ ሲሚንቶው ሳይደርቅ የተሻሸ ይመስላል፤ ኤፍ 11 ላይ ሲደርስ ነው የሚሰበሰበው። በዚያ ላይ የግራው ጥግ ከቀኙ ይበልጥ ብዥ ይላል። ይህ የሞዴሉ ሳይሆን የዚያ የአንዱ ሌንስ ነገር ነው፤ ወድቆ ወይ ተፈትቶ ተገጥሞ ውስጡ ያለው መስታወት ተዛንፏል ማለት ነው። (ያገለገለ ሌንስ የምትገዙ ሰዎች፣ ግራና ቀኙን ሳታስተያዩ ብር እንዳትቆጥሩ።) ርካሹ 10-18 አሳፈረን፤ ጥጉ ከጠበቅኩት በላይ ጥርት ያለ ነው። ድክመቱ ብርሃን ላይ ነው፤ ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ማታ ማታ ይቸገራል። ሳምያንግ በጥራት ሁለቱንም ያስከነዳል፤ ቀጥ ያለውን የአጥር ጫፍ ግን መሃሉን አብጦ፣ ጫፎቹን መልሶ እንደ ተጠቀለለ ጢም ያወጣዋል። በዓለም ላይ ያሉ ፎቶ አንሺዎችም በዚሁ "ጢሙ" ነው የሚያሙት። ያበጠው መስታወቱም እንደ ሌሎቹ ፊቱ ላይ የሚጠመዝዙበት መከላከያ ፊልተር አይቀበልም፤ በመልካ ጀብዱ አቧራ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስቱም ጥጋቸው ከመሃላቸው ይጨልማል። ሦስቱም ሰማይ በነካው የቆርቆሮ ጠርዝ ላይ ትንሽ ሐምራዊና አረንጓዴ ቀለም ያፈሳሉ። ይሄ በኮምፒውተር ይጸዳል።

እስከዚህ ድረስ ያለው የተለመደ የሌንስ ወሬ ነው። ኢንተርኔቱ ሞልቶታል። ከዚያ አጥሩ ፊት ሰው አቆምኩ።

ባትሪና ግድግዳ

አብሮኝ የመጣውን የአክስቴን ልጅ ከፍሬሙ መሃል ጀምሮ ወደ ዳር እየሄደ እንዲቆም አደረግኩት። መሃል ላይ እሱው ነው። ዳር ሲደርስ፣ በሦስቱም ሌንስ፣ ጭንቅላቱ ወደ ጎን ተለጠጠ። በርካሹም፣ በባለ ቀይ ቀለበቱም፣ በጥርቱም። የእትዬ ፎቶ ማለት ነው።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ማታ የእጅ ባትሪ ውሰዱና ግድግዳ ላይ አብሩ። ቀጥ አድርጋችሁ ስታበሩ ብርሃኑ ክብ ነው። አጋድማችሁ ስታበሩ እንቁላል ይሆናል። ከፊት ለፊት የሚመጣው ብርሃን ሴንሰሩ ላይ ቀጥ ብሎ እንደሚያርፈው ባትሪ ነው፤ ከዳር የሚመጣው ደግሞ እንደተጋደመው። አጥሩ ጠፍጣፋ ስለሆነ አይጎዳም፤ ሌንሱ አጥሩን ቀጥ አድርጎ ያወጣዋል። የሰው ጭንቅላት ግን ድቡልቡል ነው። ሌንሱ "ቀጥ ያለውን መስመር ቀጥ አደርጋለሁ" ብሎ የገባውን ቃል የሚጠብቀው ድቡልቡሉን እየለጠጠ ነው።

ይህ በዋጋ የሚለወጥ ነገር አይደለም። ሒሳቡ ያው ነው። ፉል ፍሬም ላይ፣ በፎቶው የግራ ወይም የቀኝ ጠርዝ ላይ ያለ ጭንቅላት በ14 ሚሊሜትር 1.63 እጥፍ ወደ ጎን ይለጠጣል። በ17 ሚሊሜትር 1.46፤ በ24 ሚሊሜትር 1.25፤ በ35 ሚሊሜትር 1.12። እስከ 1.12 ያለውን ማንም ልብ አይለውም። 1.46 ግን ድፎ ዳቦ ነው።

የሚገርመው ነገር ሌላ ነው። ሌንስ የሚገመግሙ ሰዎች ነጥብ የሚቀንሱበት "የበርሜል መዛባት" የሚባል እንከን አለ፤ ቀጥ ያለውን መስመር እንደ በርሜል ሆድ ወደ ውጭ ያጎብጠዋል። ይህ እንከን ዳር ያለውን ነገር በጥቂቱ ወደ ውስጥ ስለሚሰበስብ ለፊት ይራራል። ኮምፒውተሩ ላይ "አስተካክል" የሚለውን ስትጫኑ አጥሩ ይቃናል፣ ዳር የቆመው ሰው ግን ይበልጥ ይለጠጣል። አዳዲሶቹ ሌንሶች ይህን ማስተካከያ ከፋብሪካ ጀምሮ ለካሜራው ሶፍትዌር ትተውታል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የካኖን አርኤፍ 16 አንዱ ነው። እንግዲህ ፍርዱን ተመልከቱ፤ አጥሩን ለማዳን ሰውየውን እንቀጣለን።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ከስድስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የአውሮፓ ሠዓሊዎች በመስመርና በማስመሪያ ሥዕል መሥራት ሲጀምሩ ይኸው ጣጣ ገጥሟቸዋል። ራፋኤል "የአቴና ትምህርት ቤት" በተባለው ሥዕሉ በቀኝ በኩል ሁለት ሰዎች ሉል ይዘው ቆመዋል። የሥዕሉ ሕግ በጥብቅ ቢከበር ሉሎቹ እንቁላል መሆን ነበረባቸው። ራፋኤል ክብ አድርጎ ሣላቸው። ሕንጻውን በሕጉ፣ ሉሉን በዓይኑ። የእኛ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎችማ ጥያቄውን ከነጭራሹ አያውቁትም፤ ጻድቁ የትም ይቁም፣ ፊቱ ሙሉ ነው፣ ሁለት ዓይኑም ይታያል። እነሱ ዘንድ ፊትን የሚወስነው ሰውየው ማን እንደሆነ ነው። ሌንስ ዘንድ ግን የት እንደቆመ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 የጉግል ተመራማሪዎች ራፋኤል ያደረገውን ስልክ እንዲያደርገው የሚያስችል ዘዴ አሳትመዋል፤ ከኋላ ያለው ግድግዳ ቀጥ እንዳለ ይቆያል፣ ፊቶቹ ብቻ ለየብቻ ወደ ክብነታቸው ይመለሳሉ። በዚያው ዓመት መስከረም ነበር አይፎን 11 እጅግ ሰፊውን ሌንስ ይዞ የመጣው። ዛሬ ብዙ ስልክ ላይ "0.5" ወይም "0.6" የምትል ምልክት አለች። ያቺን በተጫናችሁ ቁጥር ዳር የሚቆም ሰው እየመረጣችሁ ነው።

ዳር የሚቆመው ማን ነው?

የሌንስ ግምገማ ስታነቡ አንድ አባባል ደጋግሞ ይገጥማችኋል፦ "ለዜና ፎቶ ጥጉ ግድ የለም፤ ዋናው ነገር መሃሉ ነው።" እኔም ይህን ስንት ጊዜ አንብቤ ራሴን ነቅንቄያለሁ። የእኛን አገር የቡድን ፎቶ አሰላለፍ ግን አስቡት። መሃል የክብር እንግዳ። ከጎኑ ኃላፊ። ከዚያ በዕድሜ፣ ከዚያ በደመወዝ። ዳር ላይ አዲስ የተቀጠረው ልጅ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ዘበኛው፣ "ነይ አንቺም ግቢ" ተብላ በመጨረሻ የተጠራችው። ሌንሱ ይህን ሰልፍ ሲያገኝ የተከበረውን ባለበት ይተወዋል፤ ያልተከበረውን ይለጥጠዋል። ማንም ክፉ ሰው ሳይኖር፣ በጂኦሜትሪ ብቻ።

ለዚህ ነው "ጥጉ ግድ የለም" የሚለው አባባል ለእኔ የማይዋጠው። በእኛ ፎቶ ጥጉ ላይ ያለው ሣር አይደለም፤ ሰው ነው።

መፍትሔው ደግሞ ሌንስ ቤት አይደለም ያለው፤ እግር ላይ ነው። የጫኝና አውራጅ ማኅበሩን አባላት ከጠባቧ ክፍል አውጥቼ በጠዋት አጥሩ ፊት አሰለፍኳቸው። ሰልፉ ሰባት ሜትር ያህል ነበር። በእኔ ካሜራ በ10 ሚሊሜትር ሦስት ሜትር ተኩል ላይ ቆሜ ሁሉንም ማስገባት እችል ነበር። በተውሶ 24 ሚሊሜትር ስምንት ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሄድኩ። በትንሹ ሴንሰር ላይ ይህ ሌንስ ጠርዝ ላይ የሚለጥጠው 1.10 ብቻ ነው።

እትዬን ወደ መሃል ልጠራቸው ፈልጌ ነበር። እምቢ አሉ። "ተይኝ ልጄ፣ ሻዩን ጥጄዋለሁ፣ ከዚህ ለመውጣት ይቀለኛል።" ደግሞም እውነታቸውን ነው። ዳር መቆም ነውር አይደለም። ዳር በመቆም መቀጣት ነው ነውሩ።

ፎቶውን ታጥቦ ሲመጣ አየት አድርገው "ይቺስ እኔ ነኝ" አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ "ግን ከስቻለሁ" አሉ።

ሰፊ መሬት፣ ትንሽ ቤት

ከፊት ሌላ ዋይድ ሌንስ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ፤ ለእኛ ለጽሑፍ ሰዎች ይሄኛው ይብሳል። ቅርቡን ያገዝፋል፣ ሩቁን ያሳንሳል። ካንድ ቦታ ሳትነቃነቁ በ50 ሚሊሜትር ያነሳችሁት ቤት በ17 ሚሊሜትር ሲነሳ በፎቶው ላይ አንድ ሦስተኛውን ያህል ብቻ ይሆናል። ከፊታችሁ ያለው መሬት ደግሞ ፎቶውን በሙሉ ይወርሰዋል።

መልካ ጀብዱ ላይ ሞከርኩት። በ50 ሚሊሜትር ስታዩት ሰፈር ነው፤ ቤት አለ፣ የተሰጣ ልብስ አለ፣ ፍየል የሚነዳ ልጅ አለ። በ17 ሚሊሜትር ያው ቦታ "ሰፊ ያልለማ መሬት" ይሆናል። ቤቶቹ የክብሪት ቀፎ ናቸው፣ ልጁ ነጥብ ነው። ሁለቱም ፎቶ አልዋሸም። ከሁለቱ አንዱን መርጦ ሥሩ "ለልማት የተዘጋጀ ቦታ" ብሎ መጻፍ ግን የጋዜጠኛ ሥራ ነው፤ ኃላፊነቱም የጋዜጠኛው እንጂ የመስታወቱ አይደለም። ትምህርት ቤት ሳለን ስለ ርዕስ አመራረጥ፣ ስለ ጥቅስ አጠቃቀም ብዙ ተምረናል። ስንት ሚሊሜትር እንደተጠቀምን የሚጠይቀን ግን አልነበረም። ቢኖር ጥሩ ነበር።

እንግዲህ ምን ገዛሽ ትሉኝ ይሆናል። ባለ ቀይ ቀለበቱን ለባለቤቱ መለስኩ፣ ስለ ግራ ጥጉም ነገርኩት። ርካሹን 10-18 ገዛሁ፤ ለሕንጻ፣ ለሰማይ፣ ለሐዲድ ይበቃኛል። በተረፈኝ ብር ያቺኑ የተዋስኳትን ጠፍጣፋ 24 ሚሊሜትር ራሷን ተደራድሬ ወሰድኳት፤ ለሰው። በዋይድ ሰው ማንሳት ግድ ሲሆንብኝ ደግሞ አንድ ሕግ አውጥቻለሁ፦ ሰዎቹን የፍሬሙ መካከለኛ ግማሽ ውስጥ አስቀምጣለሁ። እዚያ ውስጥ በ17 ሚሊሜትር እንኳን መለጠጡ ከ1.13 አይበልጥም። የቀረውን ግራና ቀኝ ለግድግዳ፣ ለዛፍ፣ ለኮንቴይነር እተዋለሁ። ኮንቴይነር ቢወፍር ቅር አይለውም።

እናንተም ሰሞኑን የምርቃት፣ የሰርግ፣ የመሥሪያ ቤት ፎቶ ስትነሱ፣ ከማጋራታችሁ በፊት አንዴ በጣታችሁ አስፍታችሁ ዳር ያለውን ሰው እዩት። ራሱን ካልመሰለ "ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሂድና ድገመው" በሉት ፎቶ አንሺውን። ሦስት እርምጃ ብር አያስወጣም።

ቸር እንሰንብት።